በተቆለፈው ክዳን ሥር

አውሮፕላኗ በታረሰ ማሳ መካከል በሆዷ ተኝታለች። አንደኛው ክንፏ ተገንጥሎ ከጎኗ ወድቋል፤ ሌላኛው ግን ጭረት እንኳ ሳይነካው ወደ ሰማይ ቀና ብሏል። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ቢያባራም ጭጋጉ ገና ከመሬት አልተነሣም። የመንደሩ ሰው በማሳው ዳር ተሰልፎ፣ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ያያል። ከዚህ ብረት ውስጥ ሰው በሕይወት ወጣ ቢባል ማን ያምናል?

ወጥተዋል እንጂ! ያውም ሦስት ሆነው ገብተው አራት ሆነው ነው የወጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ነፍሰ ጡር ያለ ጊዜዋ ምጥ ያዛት። የከተማዋ ትንሽ ሆስፒታል እንዲህ ላለ ሕፃን የሚሆን መሣሪያ የለውም፤ ወደ ትልቁ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ደግሞ ጎርፍ ቆርጦታል። የቀረችው አማራጭ በሽተኛ የምታመላልሰው ትንሿ አውሮፕላን ብቻ ነበረች። አብራሪው ሴትየዋንና አንዲት ነርስ ይዞ ተነሣ፤ ደመናው ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ተንተፋተፈና ቀጥ አለ። አብራሪው በዝናብና በጭጋግ መካከል፣ ፊት ለፊቱን እንኳ ሳያይ፣ ማሳው ላይ አሳረፋት። እግሩና የጎን አጥንቶቹ ተሰበሩ። ነርሷም እዚያው በተጨማደደው ብረት ውስጥ ሕፃኑን አዋለደች። ኋላ ትራክተር መጥቶ ሁሉንም ወደ ትንሹ ሆስፒታል መለሳቸው።

ያቺ ነርስ የኢንስፔክተሩ ታናሽ እህት ናት። እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ ፀጉሯን ሳይቀር እየጎነጎነ ያሳደጋት እሱ ነው። እናም ኢንስፔክተሩ በዚያ ጠዋት፣ ጫማው በጭቃ ተውጦ፣ ከአውሮፕላኗ ፊት ቆሞ እህቱ የወጣችበትን በር ያያል።

ባልደረቦቹ «ቆይማ» ይሉታል። ጥያቄ ሲጠይቅ «ቆይማ» ሳይል አይጀምርም፤ ሚስቱ እንደምትለው ከሆነ ሲያገባትም በዚሁ ቃል ነው የጀመረው።

የአውሮፕላኗ መካኒክ ባልተነካው ክንፍ ሥር ተንበርክኮ ትንሿን የማፍሰሻ ቧንቧ ጫን አላት። ነዳጁ ወደያዘው ብርጭቆ ወረደ። ከላይ ሰማያዊው ነዳጅ፣ ከታች ደግሞ ጥርት ያለ ነገር ተኛ።

«ቆይማ፣ ይሄ ከታች ያለው ምንድን ነው?»

መካኒኩ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣው፣ አወረደው፣ እንደገና አነሣው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ውሃ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ነው የሞተው።»

«ከዝናቡ ይሆናላ።»

«አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብባት ነው የከረመችው። በየማለዳው አፍስሼ አያታለሁ፤ አንድ ቀን ጠብታ ውሃ አግኝቼባት አላውቅም። ትናንት ጠዋትም አይቻታለሁ፤ ንጹሕ ነበረች።»

«እንግዲያው ሰው በነዳጅ ታንኩ ክዳን ውሃ ገልብጦባታል?»

«ክዳኑ ይቆለፋል፤ የሁለቱም ክንፍ።» መካኒኩ ክንፉ ላይ ወጥቶ መቆለፊያውን በጣቱ ነካካው። «አልተሰበረም። አልተነካካም።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

መካኒኩ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና በገመድ የታሰረች ትንሽ ቁልፍ ከሸሚዙ ውስጥ አወጣ።

«ሌላ ቁልፍ የለም?»

«የለም» አለ መካኒኩ። ምን እንደተናገረ የገባው ከተናገረ በኋላ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ አለቀ።

—

«ጉዳዩን ለሌላ ሰው ስጡልኝ» አለ ኢንስፔክተሩ አዛዡ ቢሮ ገብቶ። «እህቴ አውሮፕላኗ ውስጥ ነበረች።»

አዛዡ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «ለማን ልስጠው? ሌላው መርማሪ ከጎርፉ ማዶ ቀርቷል። የአውሮፕላን ባለሙያዎቹም መንገዱ ሳይከፈት አይመጡም። እስኪመጡ ድረስ አንተው ያዘው። እህትህ ስላለችበት ብለህ ደግሞ አታጋድል።»

«ወደ የት ላጋድል? አብራሪውን የሚጠላ ሰው እንኳ ገና አላገኘሁም።»

«ታገኛለህ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ወንድሜ።»

ኢንስፔክተሩ ለአዛዡ ያልነገረው ነገር ነበር። በዚያን ዕለት፣ ከማሳው ተመልሶ ወደ አዛዡ ከመግባቱ በፊት፣ አብራሪው አልጋ ራስጌ ቆሞ ነበር። ሰውየው መድኃኒት ወስዶ ተኝቷል፤ ፊቱ አብጧል። ኢንስፔክተሩ ሊያመሰግነው ፈልጎ አፉ አልከፈት አለው። እህትን የመለሰ ሰው ምን ይባላል? «ተባረክ» ይባላል? ለተከፈተ በር፣ ለተነሣ ዕቃም እኮ ይባላል። በመጨረሻ ለራሱ ማለ፤ ይህን ያደረገውን ሰው አንገቱን ይዤ አመጣለታለሁ፣ ምስጋናዬም እሱ ይሆናል አለ።

—

ኢንስፔክተሩ ዘበኛውን ከአውሮፕላን ማረፊያው በር አጠገብ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘው። ገና ሳይጠየቅ ላብ አጥምቆታል።

«ቆይማ፣ ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ማን ገባ?»

«ማንም ጌታዬ። ዝንብ እንኳ አልገባም።»

«አንተ ከበሩ አልተነሣህም?»

«የት ልሄድ ጌታዬ? እንደ ምሰሶ ተተክዬ ነው የዋልኩት።»

«አብራሪውን የሚጠላ ሰው ታውቃለህ?»

ዘበኛው ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ላይ መናገር አልወድም። ግን ከትናንት በስቲያ መካኒኩና ካፒቴኑ ተጣልተው ነበር። መካኒኩ ጮኸበት፤ ‹አንተ ሰውዬ አንድ ቀን አፈር ትግጣለህ!› ነው ያለው። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ኢንስፔክተሩ ከዚያ ወጥቶ ወደ ነዳጅ መጋዘኑ ሄደ። ውሃው ከበርሜሉ መጥቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ የመካኒኩ ዐይን አልለቀው ብሏላ። የመጋዘኑ ኃላፊ ወፍራምና ቁጡ ሰው ነው።

«እኔ ነዳጅ ነው የማድለው፣ ውሃ የምሸጥ ይመስልሃል?» አለና የታሸጉትን በርሜሎች አንድ በአንድ ከፍቶ አሳየው። የመጨረሻው ነዳጅ የተቀዳበት በርሜልም ቀሪውን ይዞ እዚያው ቆሟል። ከሥሩ ድረስ ሰማያዊ ነበር፤ ጠብታ ውሃ የለበትም።

ሌላ በር አልቀረም። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ጠብ፣ አንድ ሰው። ማምሻውን መካኒኩ ታሰረ።

በማግሥቱ የመካኒኩ ሚስት ጣቢያው ድረስ መጣች። አላለቀሰችም፤ ተቆጥታለች።

«ባሌ እኮ ያቺን አውሮፕላን ከእኔ አብልጦ ነው የሚወዳት» አለችው። «የቤታችንን ቁልፍ በየቀኑ ነው የሚጥለው። የእሷን ግን አንገቱ ላይ አስሮ ነው የሚተኛው። ምን አድርጋው ይገድላታል?»

«እመቤቴ፣ ምርመራው...»

«ምርመራው ምን? ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ‹የገዳይ ልጆች› ተብለው ተመለሱ። ሰው እንደሆነ አልሞተም፤ እግዜር ይመስገን። ገዳይ ያላችሁት ታዲያ ማንን የገደለውን ነው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

—

«ያን ቀን የት ነበርክ?» አለው ኢንስፔክተሩ መካኒኩን፣ በማረፊያ ቤቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው።

«ጠዋት አውሮፕላኗን አየሁ። ከዚያ አንድ የታጠፈ ብረት ላስቀና ብየዳ ቤት ሄድኩ። እዚያ እያለሁ ነው ካፒቴኑ የደወለልኝ። ‹ሴትየዋ ምጥ ላይ ናት፣ ደመናው እየዘጋብኝ ነው፣ ንጹሕ ናት?› አለኝ። ‹ጠዋት አይቻታለሁ፣ ንጹሕ ናት› አልኩት።»

«እሱ ራሱ አያይም እንዴ?»

መካኒኩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ያያል እንጂ! እኔ ጠዋት አያለሁ፣ እሱ ደግሞ ሊነሣ ሲል ያያል። እኔን ስለማያምን አይደለም፤ የቆየ ልማዳችን ነው። አንዱ የሌላውን ዐይን ይደግማል። ያን ቀን ግን እኔ በስልክ ‹ንጹሕ ናት› አልኩ፣ እሱም ለሴትየዋ ብሎ ቸኮለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ።»

«‹አፈር ትግጣለህ› ያልከውስ?»

«ብያለሁ። አልክድም።»

የብየዳ ቤቱ ሰው የመካኒኩን ቃል አጸና። ይህ ግን ብዙም አልጠቀመም። ውሃውን የጨመረው ጠዋት ቢሆንስ? ጠዋት ብቻውን ነበር።

—

አብራሪው በሦስተኛው ቀን ዐይኑን ገለጠ። ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እህትህ ጀግና ናት» አለ አብራሪው ሌላ ነገር ሳያስቀድም። «መሬት ስንነካ ‹ጭንቅላታችሁን ደብቁ› ያለችው እኔን ጭምር ነው። ዳግመኛ የምበር ከሆነ ያለ እሷ አልነሣም።»

«ቆይማ፣ ስለ መካኒኩ ልጠይቅህ።»

«እሱማ የት ጠፋ? እስካሁን ሳይመጣ የሚቀር ሰው አልነበረም። አመመው እንዴ?»

«ታስሯል።»

አብራሪው ሊነሣ ሞከረ። ጎኑ ያዘውና በሕመም ተንቀጥቅጦ ወደ ትራሱ ተመለሰ።

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ። ‹አፈር ትግጣለህ› ብሎህ ነበር። ቁልፉም እሱ ዘንድ ብቻ ነው።»

«አንተ ሰውዬ!» አብራሪው እያቃሰተ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። «እሱ በየክረምቱ እንዲህ ይለኛል። ደመና ባየ ቁጥር ‹አትነሣ› ብሎ ይጮህብኛል። ሊገድልህ የፈለገ ሰው አትብረር ብሎ ይጣላሃል? ዝም ብሎ ይሸኝህ ነበር እንጂ!»

ኢንስፔክተሩ ይህን አስቦት አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲመረምር ኖሮ፣ በአልጋ ላይ ያለ ሰው ሲነግረው ነው የገባው።

«እኔ እኮ...» አለና ተንተባተበ። «ለአንተ ብዬ ነው። ይህን ያደረገብህን ሰው ይዤ ልመጣ...»

አብራሪው አተኩሮ አየው። «ለእኔ ማመስገኛ ብለህ ከሆነ ያሰርከው፣ ምስጋናህ ይቅርብኝ።»

ኢንስፔክተሩ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አፍሮ ነበር። ጆሮ ግንዱ ድረስ ነው ያፈረው።

—

እህቱ በሆስፒታሉ የመጨረሻ ክፍል ውስጥ ነበረች። ያን መዳፍ የሚያህል ሕፃን ደረቷ ላይ ለጥፋ በጨርቅ ሸፍናዋለች። እናትየዋ አጠገቧ አልጋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ሙቀቱ እንዳይለየው ተራ በተራ ያቅፉታል።

«ጋሼ፣ ፊትህ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ምንም ያለ ሰው ፊት እንዲህ አይሆንም።»

ሁሉንም ነገራት። እሷ ሕፃኑን ቀስ እያለች እያወዛወዘች ሰማችው። ሰምታ ስትጨርስ ቅንድቧን ቋጠረች።

«ያን ቀን አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር» አለች። «ስንሳፈር አውሮፕላኗ ታበራ ነበር። በጭቃ ተለቅልቃ እኮ ነው የማውቃት። ያን ቀን ግን እንደ ሙሽራ ተኩላለች። እጀታውን ስይዘው እርጥብ ነበር።»

«ይዘንብ ነበራ።»

«የለም ጋሼ፤ ዝናቡ የጀመረው ከተነሣን በኋላ ነው። ደመናው ነበር እንጂ ጠብታ አልወረደም። ደግሞ ሽታው...» ዐይኗን ጨፈነች። «ሳሙና። ደስ የሚል ሳሙና። ሴትየዋ እንኳ በዚያ ምጥ መካከል ‹ጥሩ ይሸታል› ብላኛለች።»

«ቆይማ!» አለ ኢንስፔክተሩ። ድምፁ ከፍ ስላለ ሕፃኑ ደነገጠና አለቀሰ።

«ቀስ በል እንጂ ጋሼ! አሁን ነው የተኛልኝ።»

በግንባሩ ሳማት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ስሟት አያውቅም ነበር። ከዚያ ሮጦ ወጣ።

—

ማሳው ላይ አውሮፕላኗ እንዳለች ናት። ላይዋን ዝናብ አጥቦታል። ኢንስፔክተሩ ግን ዝናብ የማይደርስበትን ፈለገ። በሩን ከፈተና በማጠፊያው ስንጥቅ ውስጥ ጣቱን ሰደደ። ነጭ የደረቀ ነገር አገኘ። ጣቱን በምራቁ አርሶ አሸት አሸት አደረገው፤ አረፋ ሆነ።

ወደ ማረፊያ ቤቱ ሲመለስ መካኒኩን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«በምንድን ነው የምታጥባት?»

«አላጥባትም። በእርጥብ ጨርቅ፣ በእጄ ነው የምወለውላት፤ እንደ ሕፃን ፊት።»

«በሳሙና? በቱቦ?»

«እግዜር ያሳያችሁ፣ ቱቦ! እኔ እያለሁ ማን ነው ቱቦ የሚያስጠጋባት?»

እሱ በሌለበትስ? በከተማዋ ውስጥ የግፊት ውሃ ያለው የመኪና ማጠቢያ ላቫጆ አንድ ብቻ ነው። ኢንስፔክተሩ በጭቃ የተጨማለቀች መኪናውን አስነሥቶ ወደዚያ ነዳ።

አጣቢው ቀጭን፣ ፈገግታው ፊቱን የሚሞላ ሰው ነው። ሰፈሩ «ሻምፖ» ይለዋል። መኪናዋን ሲያይ እጁን አፋተገ።

«ይቺማ መኪና ሳትሆን ማሳ ናት ጌታዬ! ዘር ብንዘራባት ትበቅላለች።»

ቱቦውን አነሣና ፓምፑን ለኮሰ። ውሃው እያፏጨ ወጣ። የደረቀ ጭቃ እንደ ቅርፊት እየተገነጠለ ሲወድቅ ኢንስፔክተሩ አፉን ከፍቶ ያያል። ውሃው በበሩ ስንጥቅ ዘልቆ የመቀመጫውን ጠርዝ ሳይቀር አራሰው።

«ጎበዝ ነህ» አለ ኢንስፔክተሩ። «መኪና ብቻ ነው የምታጥበው?»

ሻምፖ ፓምፑን አጠፋና ቀረበው። ዐይኑ አበራ። «ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ግን ልንገርዎት። አውሮፕላን አጥቤያለሁ።»

«የቷን?»

«ያቺኑ፣ የካፒቴኑን! ሚስቴን እባብ ነደፋት፤ የሞት ሞቷን ስታቃስት ካፒቴኑ በዚያ ዶፍ ይዟት ሄደ፣ ዳነች። ላመሰግነው ብዬ የወሰድኩለትን ሁሉ መለሰብኝ። ‹ምንም አልፈልግም፣ ሥራዬ ነው› ይለኛል። አሁን ይሄ መልስ ነው? ሰው እንዴት እንዲህ ሸክም ተሸክሞ ይኖራል? ታዲያ አውሮፕላኗን ሳያት ጭቃ ናት። እኔ የማውቀው ማጠብ ነው። ዘበኛውን ለመንኩት፤ ‹ካፒቴኑና መካኒኩ ሳይመጡ ቶሎ በል› ብሎ አስገባኝና ምሳውን ሊበላ ሄደ። ፓምፑን በጋሪ ወሰድኩ። የሀብታም መኪና የማጥብበትን ሳሙና ነው ያፈሰስኩባት። ከክንፏ ላይ ያለውን ጭቃ አንድ ሳላስቀር ነው ያስለቀቅኩት።»

«ክንፏን...»

«ላይዋን ሁሉ። በክዳኖቹ ዙሪያ የተጋገረውማ አልለቅ ብሎኝ አፍንጫውን አስጠግቼ ነው የታገልኩት።» ከዚያ ፊቱ ከፋ። «በዚያው ቀን መውደቋ ሆዴን በላው። ግን እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ሁሉም ተረፉ። ለካፒቴኑ ደም ያስፈልጋል ሲባል እኔ ነኝ መጀመሪያ ክንዴን የዘረጋሁት።»

ኢንስፔክተሩ የሚፈልገው ወንጀለኛ ከፊቱ ቆሟል፤ እጅ ከፍንጅ ሳይሆን በገዛ አፉ፣ ያውም እየኮራ። አንገቱን ይዞ ሊጎትተው የማለው እጁ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

«ቆይማ» አለ በመጨረሻ። «ነገ ፓምፕህን ይዘህ ማሳው ድረስ ትመጣልኛለህ?»

«ለእርስዎማ! ግን ምን ላጥብ?»

«ነገ ታያለህ።»

—

በማግሥቱ መካኒኩ ከእስር ወጥቶ ክንፉ ሥር ቆሟል። አዛዡም መጥቷል። ዘበኛው ከኋላ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ «ዝንብ አልገባም» ማለቱን ጠዋት በእንባ ሽሮታል። መካኒኩ በክንፉ ታንክ ውስጥ የቀረውን ሁሉ አፈሰሰና አዲስ ነዳጅ ጨመረበት፤ ከሥር ቀድቶ ንጹሕ መሆኑን ለሁሉም አሳየ። ክዳኑን ቆለፈ። ቁልፉን ለአዛዡ ሰጠ።

«ልክ እንደዚያን ቀን አድርግ» አለው ኢንስፔክተሩ ሻምፖን።

ሻምፖ ክንፉ ላይ ሳሙና አፈሰሰ፣ ፓምፑን ለኮሰ፣ አፍንጫውን ወደ ክዳኑ አስጠጋ። ውሃው በጠርዙ ዙሪያ እየተሽከረከረ አፏጨ። ሻምፖ ሥራውን ይወዳል፤ እያፏጨ ነበር።

«ይበቃል።»

መካኒኩ ትንሽ ከጠበቀ በኋላ ከክንፉ ሥር ብርጭቆውን ደገነ። ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ጥርት ያለ ውሃ።

መካኒኩ ክዳኑን አስከፍቶ በጠርዙ ዙሪያ ያለውን የጎማ ቀለበት በጥፍሩ ፈተሸ። «ደርቋል» አለ። «ዝናብ ከላይ ወርዶበት ያልፋል፤ አይገፋም። ይሄ ግን ይገፋል።» ጎማውን ደግሞ ነካው። «በየቀኑ ስከፍተው ስዘጋው ኖሬ፣ መድረቁን አላየሁም።»

ሻምፖ ቱቦውን እንደያዘ ብርጭቆውን አየ። ከዚያ መካኒኩን፣ ከዚያ የተገነጠለውን ክንፍ አየ። ፉጨቱ ቆሟል። ቱቦው ከእጁ ወደቀ።

«እኔ ነኝ?» አለ።

መካኒኩ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ ጭቃው ላይ ደፋው።

«እኔ ነኝ እንዴ የጣልኳት?»

ጭቃው ላይ ተቀመጠ። እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። «እሰሩኝ» አለ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ሚስቴን አተረፈልኝ፣ እኔ ልገድለው!»

ኢንስፔክተሩ አዛዡን አየ፣ አዛዡም እሱን። አዛዡ ትንፋሹን ለቀቀ። «ክፋት የሌለበትን ነገር ምን ብዬ ልክሰስ?» አለ። «እውነቱን እንዳለ ጻፈው። የጎማውንም፣ የዘበኛውንም፣ የስልኩንም። ሁሉም ድርሻውን ይውሰድ።»

ኢንስፔክተሩ ከሻምፖ አጠገብ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ።

«ስማኝ» አለው። «አንተ ለሰውየው ውለታ ልትከፍል ብለህ ያለ እሱ ፈቃድ አውሮፕላኗን አጠብክ። እኔም ለዚያው ሰው ውለታ ልከፍል ብዬ ወዳጁን አሰርኩበት። አንተ ያፈሰስከው ውሃ ነው፣ እኔ ግን የበደልኩት ሰው ነው። ከሁለታችን የባሰው ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም።»

ከዚያ ተነሥቶ ወደ መካኒኩ ዞረ። «ይቅርታ አድርግልኝ። ልጆችህ ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ፣ በጓደኞቻቸው ፊት እናገራለሁ።»

መካኒኩ የጎማውን ቀለበት እንደያዘ ቆየ። «ይናገሩ» አለ። «ሚስቴን ግን ብቻዎን እንዳያነጋግሯት፤ እኔም አብሬ ልሁን። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

—

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ፣ መካኒኩና ሻምፖ የሆስፒታሉን ኮሪደር ይዘው ሄዱ። ሻምፖ በሩ ላይ ሲደርስ እግሩ አልታዘዝ አለው። መካኒኩ ክንዱን ይዞ አስገባው።

ኢንስፔክተሩ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረ። አብራሪው ሲሰማ ቆየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የተሰበረው እግሩ በገመድ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ሻምፖ ወለሉ ላይ ወድቆ አልጋውን ይዟል።

አብራሪው ዞረ። ዐይኑ ቀልቷል። ተቆጥቶ ነበር፤ ቁጣው እየበረደ መሆኑንም ማንም ያያል።

«ሚስትህ እንዴት ናት?» አለው።

ሻምፖ ቀና አለ። «ምን አልክ ካፒቴን?»

«ሚስትህ። እባብ የነደፋት። እግሯ ተሻላት?»

«ተሻላት። ትሄዳለች። ትናንት ገበያ ወርዳ ነበር።»

«ጎሽ» አለ አብራሪው። እጁን ዘረጋና የሻምፖን ራስ ነካው። «ሁለተኛ የምታመሰግነኝ ከሆነ ግን አስቀድመህ ጠይቀኝ።»

መካኒኩ መሳቅ ጀመረ፤ አብራሪውም ጎኑን ይዞ እያቃሰተ ተከተለው። ሻምፖ እያለቀሰ ሳቀ። ኢንስፔክተሩ ብቻ አልሳቀም። ባዶ እጁን ነው የቆመው፤ አንገቱን ይዞ ያመጣው ወንጀለኛ የለም።

ሁለቱ ሲወጡ እሱ ቀረ። ወደ አልጋው ተጠጋና የአብራሪውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ተሰብስበው የነበሩት ቃላት ሁሉ ጠፉ፤ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚለው ተራው ቃል ብቻ ቀረለት።

«እህቴን...» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

«አሜን» አለ አብራሪው፤ ይህን ምስጋና አልመለሰበትም።